የአባቴ ማመልከቻ

አባቴ ኡመይር አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ ሞተ። ከወሎ መምጣቱን እንጂ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ነግሮን አያውቅም። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመና ባለፈው ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ቤተ መዛግብት ሄድኩ።

ባለሙያዋ "የአባትዎን ስም ከነአያት፣ የተቀጠሩበትን ዓመትም ይሙሉ" ብላ ቅጽ ሰጠችኝ። ዓመቱን በግምት ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ ዳርዳሩ የተበላ ፋይል መጣልኝ። ውስጡ የሥራ ማመልከቻ አለ፤ መንደሩም ተጽፎበታል። እኔ ግን የመጣሁበትን ረሳሁት።

"ይህን ማን ጻፈለት?" አልኳት።

በጣቷ ግርጌውን አሳየችኝ፦ "አመልካች ኡመይር ይማም፣ በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ።" ጽሕፈቱ ደግሞ ሲያምር!

አባቴ እኮ "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" እያለ፣ ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣ የሚያስነብበኝ ሰው ነው! እኔ ቶሎ ጨርሼ ለመጫወት መስመር እዘላለሁ። እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ፣ ልክ በዘለልኩበት ቦታ "አልሰማሁሽም፣ እስቲ ድገሚው" ይለኛል።

ጆሮው የደከመ ይመስለኝ ነበር።