መጣሁ ሆዴ

የአንድ ተራ ቀኗ ወጪ ሲደመር ብዙ አይደለም፦ የልጇ ወተትና ዳይፐር፣ የባሏ ትራንስፖርት፣ ለእራት የሚሆን አትክልት፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ። ይሄ ሁሉ በገንዘብ ይገኛል። በገንዘብ የማይገኘው የልጇ የከሰዓት እንቅልፍ ነው። ለዚያች እንቅልፍ እሹሩሩ ይከፈልባታል፣ ጀርባ መታ መታ ማድረግ ይከፈልባታል፣ ትንፋሽ ይዞ በእግር ጣት መራመድ ይከፈልባታል። ልጁ ከተኛ ሥራ አለ፤ ካልተኛ የለም። አባቱ «አለቃ» የሚለው ወዶ አይደለም።

ሥራዋ አማርኛ ማስተማር ነው፣ በኢንተርኔት። ሐሳቡን መጀመሪያ ስታወራ ፍሪጅ ጠጋኙ ባሏ ቡለኑን እንደያዘ ቀና አለ።

«አማርኛ? እሱንማ እኔም እችላለሁ።»

«አንተ የምትችለው መጨቃጨቅ ነው።»

«እሱስ በአማርኛ አይደል?»

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ጭንቀቱ ግን የምር ነበር። ከመውለዷ በፊት ትሠራበት የነበረው ፎቶኮፒ ቤት ባለቤት «በሚቀጥለው ወር ካልተመለስሽ ሰው እቀጥራለሁ» ብላታለች። መመለስ ማለት ደግሞ አለቃን ገና ሳይነጋ ለሰው ሰጥቶ ሲመሽ መቀበል ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ፣ አንድ ብቻ የሚከፍል ተማሪ ብታገኝ ቤቷ ትቀራለች። ካላገኘች ትመለሳለች። ከባሏ ጋር የተስማሙት እንዲህ ነው።

ልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ከቁም ሳጥኑና ከአልጋው መሀል አቁማ ላፕቶፑን አስቀመጠችበት። ከኋላዋ የተሰጣው ልብስ እንዳይታይ አንሶላ ጋረደች። ሌሎቹ የኢንተርኔት አስተማሪዎች ገጻቸው ላይ ዲግሪ በዲግሪ ደርድረዋል፤ እሷ የጨረሰችው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ነው። ትንሽ አሰበችና «በአማርኛ እቆጣለሁ፣ በአማርኛ አባብላለሁ፤ ሁለቱንም አስተምራለሁ» ብላ ጻፈች።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ሰው ለነፃው የሙከራ ትምህርት ተመዘገበ። ሸበት ያለ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ሚስቱ አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ እሱ ግን አብራቸው ከምትኖረው አማቱ ጋር በእጅና በቅንድብ መግባባት ሰልችቶታል። መዝገበ ቃላቱን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ታቅፎ ቀረበ።

«ጠጣ» አለችው፣ ብርጭቆ አንስታ።

«ተታ።»

«ጠ! ጠበቅ አድርገው። ጠጣ!»

«ጠ… ጠጣ!»

ሁለቱም በደስታ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ግን አለቃን ቀሰቀሰው። ከወዲያኛው ክፍል የጣር የሚመስል ጩኸት መጣ። የጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ «መጣሁ ሆዴ! መጣሁ!» እያለች በረረች።

የልጁ እግር በአልጋው ፍርግርግ መሀል ተሰክቷል። አውጥታ፣ አሽታ፣ ስማ፣ ዳይፐሩንም ቀይራ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ ሰው የለም። አንድ መልእክት ብቻ ቀርቷል፣ ፊደል በፊደል የተለቀመ፦ «ሆድ ያማል። አዝናለሁ። ውሃ ጠጣ።»

«ጠጪ» እንደማለት «ጠጣ» ብሎ ወንድ አድርጓታል፤ እሱ ይሁን። ግን የምን ሆድ? ልጁን እንዳቀፈች ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷ በአንድ ጊዜ ጋለ። ሰውየው ከመዝገበ ቃላቱ ያገኘው መምጣትንና ሆድን ነው። ሆዴን ብላ ጮኻ የሮጠች ሴት ደግሞ ወዴት እንደምትሮጥ ግልጽ ነው።

ማታ ባሏ ሲሰማ ግድግዳ ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ተቅማጥ! ተቅማጥ ያዛት ብሎ እኮ ነው!»

«ዝም በል! እንጀራዬ ነው የተዘጋው!»

«በቃ አሞኝ ነበር በዪው። ምን ችግር አለው?»

«እሱማ ውሸት ማስተማር ነው።»

በማግስቱ አለቃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቪዲዮ ቀረጸች። የልጁን ሆድ ነካ አድርጋ «ይሄ ሆድ ነው» አለች። ከዚያ ልጁን እንዳለ እቅፍ አድርጋ «ይሄ ደግሞ ሆዴ ነው» አለች። ቀጥላ «መጣሁ» ብላ በበሩ ወጣች፤ ተመልሳም ብቅ አለች። «ስንሄድ መጣሁ የምንለው የሚጠብቀን ሰው እንዳይሰጋ ነው» ብላ በእሱ ቋንቋ አስረዳችው። «እግራችን ሳይወጣ ልባችን ተመልሷል።» ይሄን ማንም አላስተማራትም፤ ስትናገረው ነው የገባት።

ላከችው። መልስ የለም። በሚቀጥለውም ቀን የለም። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ደውላ «ሰኞ ልጠብቅሽ?» አለቻት። «ነገ ልንገርሽ» ብላ ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ጮኸ። ስትከፍተው መነጽር ያደረጉ አሮጊት ስክሪኑን ሞልተውታል።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ። ምነው፣ አጠፋሁ?»

«ትናንት ይሄን አማቼን ምሳ ቀርቧል ብዬ ብጠራው፣ ከፎቅ ላይ ሆኖ ‹መጣሁ ሆዴ!› አይለኝ መሰለሽ? እኔን እኮ ነው! አማቱን!»

«ውይ! ይቅርታ እማማ፣ ለትልቅ ሰው እንደዚያ እንደማይባል ገና አልነገርኩትም…»

«ቆይ እስቲ፣ ማን ተቀየመ አለሽ? ባሌ ካረፈ ወዲህ ሆዴ ያለኝ ሰው የለም።» መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉት። «አንቱታውን ቀስ እያልሽ አስተምሪው። ሆዴን ግን እንዳታስጥዪው፣ አደራ።»

ከኋላቸው መሐንዲሱ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሰኞ ትምህርት አለ? እከፍላለሁ። ጠ… ጠጣ!»

«አለ!» አለች፣ ሳታስበው እየጮኸች። አለቃ ነቃ። «መጣሁ ሆዴ!» ስትል አሮጊቷም መሐንዲሱም እኩል ሳቁ። ስትመለስ ሁለቱም ከነሳቃቸው እዚያው ነበሩ። ያን ቀን ፎቶኮፒ ቤት ደውላ «ሰው ቅጠሪ» አለች።

አሁን ተማሪዎቿ በዝተዋል፤ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ግን ያው ነው። ለእናንተም አንድ ልመና አላት። በየቤታችሁ ለፍቅር የምትሉት፣ በመዝገበ ቃላት ለፈለገው ሰው ግን የሚያስደነግጥ ቃል ካለ ላኩላት። እሷ ራሷ «በሞቴ»ን ይዛለች፤ ለመሐንዲሱ እንዴት እንደምታስረዳው ገና እያሰበች ነው። ስትልኩላት ታዲያ በስልክ ይሁን። ከሰዓት በኋላ በሯን አታንኳኩባት፤ አለቃ ተኝቷል።