ለፈተና የቀረበ ኩላሊት

ዕድሜዬን ሙሉ የዜማ ተማሪ ስፈትን ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ራሴ የፈተና መጽሐፍ ሆኜ አልጋ ላይ ተዘረጋሁ። ኩላሊቴ ከደከመ ሰንብቷል። የምታከምበት የጎንደሩ ማስተማሪያ ሆስፒታል «የሕክምና ተማሪዎች ይፈተኑብዎት» ሲለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ የሚፈልገኝ በመገኘቱ ጋቢዬን አሳጥቤ ሄድኩ።

«ተማሪዋ ስትጠይቅዎት ይመልሱ፤ ፈታኞቹ ሲመጡ ግን እንዳይተነፍሱ!» አለችኝ ነርሷ። ከኔ አፍ ይህን መጠየቅ ግፍ ነው።

የደረሰችኝ ተማሪ የኮላ ድባ ቄስ ልጅ ናት። የመጨረሻ ፈተናዋ ነው፤ ከወደቀች ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ትቀራለች። ያበጠ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቷ ተጫነችና ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቀች።

«የኔታ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የግፊት ክኒን። ሌላ የለም።»

ለሐኪሜም ስመልስ የኖርኩት ይህንኑ ነው። እሷ ግን ጥምጣሜን አየት አደረገችና፣

«ማኅሌት ሲቆሙ ጉልበትዎን አያምዎትም?» አለችኝ።

«ምነው አያመኝ! የሕመም ማስታገሻ እየገዛሁ እውጥና እንደ ጥጃ እዘላለሁ እንጂ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጉልበቴ ካረጀ ጀምሮ ነዋ።»

«ታዲያ ምነው መድኃኒት የለም አሉኝ?»

«እሱም መድኃኒት ነው እንዴ? እኔስ እንደ መቋሚያዬ ነው የማየው!»

ፈታኞቹ መጡ። ኩላሊቴን የጎዳው ማስታገሻው ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳች። ዋናው ፈታኝ የራሴው ሐኪም ነበር፤ ካርዴን አገላበጠ።

«እዚህ የተጻፈው የግፊት ክኒን ብቻ ነው። ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ጠይቄያቸው ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርግጠኛ ነኝ» አለች።

ምላሴ ሊፈነዳ ደረሰ። የተከለከልኩት መናገር እንጂ መንቀሳቀስ አይደለም፤ ከኪሴ የማስታገሻውን ፓኮ አውጥቼ ሆዴ ላይ አስቀመጥኩት። ሆዴ ሰፊ አደባባይ ስለሆነ ለሁሉም ታየ።

ሐኪሜ አንስቶ አነበበው። «አባባ! ስንት ጊዜ ጠይቄዎታለሁ?»

አፌን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

ሳቁ አመለጠው። «እኔ መድኃኒታቸውን ጠየቅኩ፤ አንቺ ኑሯቸውን ጠየቅሽ» አላት። ፈተናውን አለፈች።

ማስታገሻውን ተውኩ፤ ኩላሊቴም ይኸው እስከ ዛሬ ያለ እጥበት ማሽን ያኖረኛል። ሐኪሜና ተመርቃ ዶክተር የሆነችው ልጅ አሁን ጥናት ይዘዋል፤ በየደብሩ እየዞሩ ማኅሌት የሚቆሙ ሽማግሌዎችን ስለ ማስታገሻ ይጠይቃሉ፣ ደማቸውን ይመረምራሉ። አዘዞ ሲሄዱ እኔም ደረቴን ነፍቼ ተከተልኩ።

«አያ፣ ይህች ሸጋ ልጅ ማን ናት?» አለኝ የደብሩ ባልንጀራዬ።

«ተማሪዬ ናት።»

«ዜማ አስተማርካት?»

«አይ፣ ኩላሊት።»