የኮች ታምሩ ኮት

ትናንት ከሰዓት የዶርም ጓደኛዬ ሀና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ያበጠ ጉልበቷን በጡንቻ ቅባት ስታሽ፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ ልጆች መስኮት ለመክፈት ተሯሯጡ። እኔን ግን ደስ አለኝ። የኮች ታምሩ ኮት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ኮች ታምሩ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ከምንኖርበት ብሎክ ምድር ቤት ይኖሩ ነበር። ለብዙ ዓመታት የአንድ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ሆነው ሰርተዋል። ኳስ የሚነፉት፣ ኮን የሚደረድሩት፣ የተጎዳ ተጫዋች እግር የሚያሹት እሳቸው ስለነበሩ የቅባቱ ቱቦ ከኪሳቸው አይጠፋም። እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ክለቡ ዋናውን አሰልጣኝ አሰናበተና ቦታውን ለእሳቸው ሰጠ። ፕሪሚየር ሊግ ባይሆንም፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ሊግ የሚጫወት፣ ደሞዝ የሚከፍል የምር ክለብ ነበር። ብሎካችን በሙሉ የተሾመ ያህል ተደሰተ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ አሰፉላቸው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶ ነበር።

«ግድ የለም» አሉ እትዬ አስቴር፤ «ያድግበታል።»

ለመጀመሪያው ጨዋታ ጎረቤቱ ሁሉ ሃይገር አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ኮች ታምሩ በዚያ ፀሐይ ኮታቸውን እንደቆለፉ፣ የኳስ መረቡን ራሳቸው ተሸክመው ብቅ አሉ። አዲሱ ምክትላቸው ባዶ እጁን ከኋላ ይከተላቸዋል። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ የሁሉንም ተጫዋች ስም በየተራ እየጠሩ መጮህ ያዙ። አንዱ ተከላካይ «እኔን ነው?» ብሎ ዞር ሲል ኳሷ በአጠገቡ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ከኋላችን የተቀመጠ ደጋፊ፣ «ይሄ ሰውዬ ሰርግ መስሎት ነው የመጣው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እትዬ አስቴር እንኳን ሳይወዱ ሳቁ።

ኳስ መሸከሙንና ጩኸቱን ቶሎ ተዉት። አንዱን ስህተት ግን መተው አቃታቸው። የቡድኑ አምበል ጌቱ አበልጃቸው ነበር። የልጃቸውን ክርስትና ያነሳ፣ በየበዓሉ ከነቤተሰቡ እነሱ ጋ የሚውል፣ ድሮ አብሯቸው የተጫወተ ሰው ነው። ጎበዝ አማካይ ነበር፤ ግን ዕድሜው ገፍቶ ከእረፍት በኋላ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ ይቆማል። ደጋፊው «ቀይረው እንጂ!» ይላል። ኮች ታምሩ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ጌቱን ያያሉ፣ ይሉኝታ ይይዛቸውና መልሰው ይቀመጣሉ።

«አበልጄን በሰው ፊት ውጣ ልበለው? በምን አፌ?» ሲሉ በረንዳቸው ላይ ሰምቻቸዋለሁ።

«እኔስ ለልጅህ አባትህ ሥራ ፈታ የምለው በምን አፌ ነው?» አሏቸው እትዬ አስቴር።

ሽንፈቱ ሲበዛ ክለቡ የእሁዱንም ጨዋታ ከተሸነፉ እንደሚያሰናብታቸው ነገራቸው። በዚያ ሳምንት ኮች ታምሩ ሥራ ሲጨርሱ ከብሎካችን ጀርባ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ ወደምንጫወትበት ቦታ ይመጡ ጀመር። «ከዛሬ ጀምሮ አሰልጣኛችሁ እኔ ነኝ» አሉን። በኩራት ልንፈነዳ ደረስን። በኋላ ነው የገባን፤ ሰው ከሜዳ ማስወጣት የሚለማመዱት በእኛ ነበር።

መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው።

«ማሂ፣ ነይ ውጪ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ደክሞሻል።»

«አልደከመኝም። ደግሞ ኳሷ የኔ ናት።»

ትንሽ አሰቡ። «በይ ተመለሺ» አሉ። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። በማግስቱም ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ አይተው መለሱኝ። ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት እትዬ አስቴር፣ «ማሂን ማውጣት ያቃተው ጌቱን ሊያወጣ ነው» ብለው ተረቧቸው።

ቅዳሜ ዕለት ግን አልመለሱኝም። እንባዬ ሲመጣ ኮታቸውን አወለቁና ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ኮቱ እግሬ ድረስ ዋጠኝ። ቅባቱ ዓይኔን ስላቃጠለኝ ልቅሶዬን በእሱ ማሳበብ ቻልኩ።

«እዚህ ሆኜ ሁሉም ነገር አይታየኝም» አሉ ጎንበስ ብለው። «አንቺ እስካሁን እዚያ ውስጥ ነበርሽ። ከተጋጣሚዎቻችሁ ማን ነው የደከመው?»

አየሁ። «አቡሽ» አልኩ። «በእሱ በኩል ከሄዱ አይደርስባቸውም።»

የእኔን ቡድን ልጆች በዚያ በኩል ላኳቸው። ጎል ሆነ። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ፤ መውጣቴን ረስቼዋለሁ። ኮች ታምሩ ጎሉን ትተው እኔን ያዩ ነበር።

እሁድ ከእረፍት በኋላ አንድ ለአንድ ነበሩ። ጌቱ እንደልማዱ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳረፈ። ኮች ታምሩ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። እትዬ አስቴር እጄን ጨበጡኝ። የቅያሪ ሰሌዳው ላይ የጌቱ ቁጥር በራ። ጌቱ የአምበልነቱን ማሰሪያ ፈትቶ ለአንዱ ሰጠና፣ አበልጁን ዞር ብሎ ሳያይ ወደ መልበሻ ክፍል አመራ።

«በቃ» አሉ እትዬ አስቴር። «ለፋሲካ ብቻችንን ነን።»

ኮች ታምሩ ሮጠው ደረሱበት። ኮታቸውን አውልቀው በላብ በራሰው ማሊያው ላይ ደረቡለት፣ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት፣ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት። ከዚያ ርቀት አይሰማም፤ ጥያቄውን ግን እኔ አውቀው ነበር። ጌቱ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ቀና አለና በጣቱ የተጋጣሚን ቀኝ ተከላካይ ጠቆመ። ወዲያው ተነስቶ መጮህ ጀመረ፤ ኮቱ በአንድ ትከሻው ተንጠልጥሏል። ጎሏ የገባችው በዚያው በኩል ነው። ሁለቱ አበልጆች ተቃቅፈው ሲዘሉ የቅባቱ ቱቦ ከኪሱ ወድቆ ተረገጠ።

ያን ቀን ጌቱ ኮቱን እንደለበሰ ብሎካችን ድረስ መጣ።

«አልመልስልህም» አላቸው። «ለእኔ ልክ ነው። አንተ እንደሆንክ አላደግክበትም።»

እትዬ አስቴር እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። በሚቀጥለው ዓመት ጌቱ ጫማውን ሰቅሎ ምክትላቸው ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱም ተያይዘው ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ክለብ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ሲቋቋም አሰልጣኝ እንድሆን የመረጡኝ ልጆቹ ናቸው። ሀና ከሁሉም የምትቀርበኝ ጓደኛዬ ናት። በዚያ ጉልበት መጫወት እንደሌለባት ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ስዘጋ ሰንብቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሜዳው ዳር ጫማዋን ልታስር ስትል ሹራቤን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

«ምንድነው? ብርድ የለም እኮ» አለች ፊቷን አጨፍግጋ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ። ማን እንደደከመ ትነግሪኛለሽ።»