የተነበቡት ደብዳቤዎች

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር የኢሜይል ፓስወርድ ማስገባት ነበር። ሐሙስ ቀን፣ ቢሮ ልንዘጋ ስንል ነው። "የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፤ እንዳይዘጋብዎ እዚህ ያድሱ" የሚል በፈረንሳይኛ የተጻፈ መልእክት ደረሰው። ባለቤቴ መነጽሩን ቤት ረስቶ ስለነበር ጠራኝ።

"ነይ እስቲ አንብቢልኝ፣ አንቺ የፈረንሳይ ሴት።"

"የፈረንሳይ ሴት ብሆን አንተን አገባ ነበር?"

እየሳቀ፣ እኔ ከማስታወሻ ደብተሩ ፊደል በፊደል እያነበብኩለት፣ እሱ በሁለት ጣቱ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው ገጹ "እናመሰግናለን" አለን። ማራገቢያውን አጥፍተን፣ ዳቦ ገዝተን ወደ ቤት ሄድን። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ አልተነሣም።

ቢሯችን ጂቡቲ ያለ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ ከወደብ እናስወጣለን፤ ሰነዱን እናዘጋጃለን፣ ሹፌሩን ከኮንቴይነሩ ጋር እናገናኛለን። ዕቃው የእኛ አይደለም፤ መኪናውም የእኛ አይደለም። የእኛ የሆነው፣ ሰዎች ስማችንን አምነው ንብረታቸውን በእጃችን መተዋቸው ብቻ ነው።

ከአርባው በኋላ ቢሮውን ከፈትኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራው ይይዘኝ ነበር። የሚከብደኝ ቀትር ነው። በዚያ ሰዓት የጫት መኪና ይገባል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ቆልፎ ይሄዳል፤ እስከ ዐሥር ሰዓት መንገዱ ላይ ከነፋሱ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ጂቡቲ ከመጣን ጀምሮ ያን ሰዓት ስለ ሥራ እያወራን ነበር የምናሳልፈው። የማወራው ሰው ሳጣ ለእሱ መጻፍ ጀመርኩ፤ ከእኔ ኢሜይል ወደ እሱ ኢሜይል።

ትልቅ ነገር አልነበረም የምጽፈው። "የውሃ ፓምፖቹ ኮንቴይነር ሰኞ ይወጣል። የሚጭነው ያ ቀልደኛው ሹፌራችን ነው። የመርከብ ወኪሉ ሰነዱን ዛሬ ጨርሶልኛል። ማራገቢያው አሁንም ይንጫጫል።" ይህን የመሰለ ነው።

አንዳንድ ቀን የእሱን ኮምፒውተር ከፍቼ ደብዳቤዎቼን አያቸው ነበር። አልነካቸውም። ያልተነበበ ደብዳቤ ጠቆር ባለ ፊደል ነው የሚታየው፤ እንደዚያው ተደርድረው እንዲቆዩ ነበር የምፈልገው። አንድ ቀትር ላይ ግን ስከፍት ጥቁረታቸው ለቋል። ሁሉም ተነብበዋል።

ሙታን ኢሜይል እንደማያነቡ አውቃለሁ። ፓስወርዱን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሰው እንደሌለም አውቅ ነበር፤ ወይም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ረዘም አድርጌ ጻፍኩ። እሱም ተነብቦ አገኘሁት። እሱ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ የበላሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ ከመርከብ ወኪሉ የኮንቴይነር ግቢ ደወለ።

"እትዬ፣ እዚህ ያለው ጸሐፊ 'መኪናህ ተቀይሯል፣ አንተ አትጭንም' ይለኛል። የቀየሩት ጋሼ ናቸው አሉ።"

"የትኛው ጋሼ?"

"የእርስዎ ባለቤት ናቸዋ! ዛሬ ጠዋት ጻፉልኝ እያለ ነው። እትዬ፣ እኔ እኮ የሬሳ ሳጥናቸውን የተሸከምኩ ሰው ነኝ!"

"ኮንቴይነሩ ወጣ?"

"በየት በኩል? መኪናዬን በሩ ላይ አግድሜ አቁሜዋለሁ። ዘበኛው በሦስት ቋንቋ እየሰደበኝ ነው። ይስደበኝ፣ አንዱም አይገባኝም።"

በታክሲ ሄድኩ። ጸሐፊው የጂቡቲ ሰው ነው፤ ዓመታት የሚያውቀን። የደረሰውን ኢሜይል አተመልኝ። የተላከው ከባለቤቴ አድራሻ ነው። ባለቤቴ ሁልጊዜ የዚህን ሰው እናት ጤና ሳይጠይቅ ጉዳዩን አይጀምርም ነበር፤ እዚህም የእናቱ ጤና ተጠይቋል። ከዚያ በታች፣ የፓምፖቹን ኮንቴይነር ለሌላ ታርጋ እንዲሰጥ ታዟል።

"ሞቷል ብለውኝ ነበር" አለኝ ጸሐፊው። "ሲጽፍልኝ ወሬው ውሸት ነው ብዬ ደስ አለኝ።"

ያ ሌላው መኪና በሩ ላይ ጫጫታ ሲነሣ ከሰልፉ ወጥቶ ሄዷል። ፓምፖቹን ቀልደኛው ሹፌር ጫናቸው።

ከሰዓት በኋላ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁት። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ሽበታም፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም አንተ አንቺ የሚል። ብዙ ሳይቆይ የዚያን ሐሙስ መልእክት አገኘው።

"በሩን የከፈታችሁለት እዚህ ጋ ነው" አለኝ።

መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት አየሁት። ሳጥኑ አልሞላም ነበር። ያን ቀን "እናመሰግናለን" ያለን ሌባው ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በሕይወቱ የጻፈውን ሁሉ እያነበበ አነጋገሩን ሲያጠና ከርሟል።

"ግን የትኛውን ኮንቴይነር፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንደሚጭነው በምን አወቀ?" አለ ጠጋኙ።

"እኔ ነግሬው" አልኩና ደብዳቤዎቼን አሳየሁት። ሁለቱን አንብቦ ዓይኑን አነሣ።

"አንቺ፣ እንደተነበቡ መቼ ነው ያየሽው?"

"ሳምንት ሆኖኛል።"

"ሳምንት! ምን ነክቶሽ ነው ዝም ያልሽው?"

ደብዳቤዎቹን መልሼ ዘጋኋቸው። ትንሽ አየኝና ሻይ ጠጥቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሳጥኑ ይዘጋ አለኝ፤ ፓስወርዱን ብቻ ብንቀይረው አይበቃም ወይ ብዬ ለመንኩት።

"አይበቃም። ስሙ እስካለ ሰው ያምነዋል። የሞተ ሰው 'እኔ አልጻፍኩም' ብሎ አይደውልም። ለሌባ ከዚህ የተሻለ ሠራተኛ የት ይገኛል?"

የባለቤቴን ደብዳቤዎች ገልብጦ ሰጠኝ። የእኔዎቹን አልፈልግም አልኩት፤ ሌላ ሰው ካነበባቸው በኋላ የእኔ አልመሰሉኝም። መዝጊያውን ራሴ እንድጫን ነገረኝ፤ ተጫንኩት። ጠጋኙ ከሄደ በኋላ ለባለቤቴ አንዲት መስመር ጻፍኩ። አድራሻው የለም ተብሎ ወዲያው ተመለሰልኝ።

በማግስቱ ለደንበኞቻችን ሁሉ ደወልኩ። ለፓምፖቹ ባለቤት ምንም አልደበቅኩትም፤ ደብዳቤዎቹንም ጭምር ነገርኩት። "እግዜር ያጽናዎት" አለኝ። ቀጣዩን ዕቃውን ግን ለሌላ ቢሮ ሰጠ። አልተቀየምኩትም። ከቀሩት አብዛኞቹ አብረውኝ አሉ።

አሁን ቢሮውን ብቻዬን እመራለሁ። ታሪኬን የሰሙ፣ በከተማው ያሉ የእኛ ሰዎች ቢሮዎች ሰው ሲሞትባቸው ይደውሉልኛል፤ ለቅሶ ደርሼ ስወጣ የሟቹን የኢሜይል ሳጥን በዚያው ቀን አዘጋለሁ።