እናቶችን የሚጠይቀው ፖሊስ

ቶሮንቶ ውስጥ በሳምንት ሦስት ጠዋት ከምኖርበት ከስካርቦሮ አውቶቡስና ባቡር ቀያይሬ ዳንፎርዝ የሚባል መንገድ አጠገብ ወዳለ አንድ አሮጌ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ዘጠና አራት ዓመት የሆናቸው ሴትዮ ብቻቸውን ይኖራሉ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስ አቀርብላቸዋለሁ። ሐኪም ያዘዘላቸው ጠባብ ረጅም ካልሲ አለ፤ እሱን ማልበስ ጊዜ ይፈጃል። ስለ አባታቸው የሚያወሩኝ ያኔ ነው።

አባታቸው ፖሊስ ነበሩ። በዚህ አገር ሥራ የጠፋበት፣ ሰው ለሾርባ የሚሰለፍበት ዘመን ነበር አሉ። ባንክ ዘርፈው በመኪና የሚሸሹ ወንበዴዎች በዝተው ስለነበር፣ የአባታቸው ሥራ እነሱን እየተከታተሉ መያዝ ነበር። ፎቶግራፋቸው ደረጃው አጠገብ ተሰቅሏል፤ ቀጭን ሰው፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጥቁር መኪና የተደገፉ። መጀመሪያ ሰሞን በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር። ፖሊስ በፎቶም ቢሆን ያስፈራኛል።

"ሰው ሁሉ አባቴ ተኩሶ የሚይዛቸው ይመስለዋል" አሉኝ አንድ ቀን። "እሱ ግን የሚሄደው እናቶቻቸው ጋ ነበር።"

የአባታቸውን የሥራ ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። ለእያንዳንዱ ወንበዴ አንድ ገጽ አለው። እናቱ የምትኖርበት መንደር፣ የተወለደበት ቀን፣ የሚወደው ምግብ ተጽፏል። አራት ባንክ የዘረፈ ሰው እንኳ ለልደቱ እናቱ ቤት ብቅ ይላል ይሉ ነበር አባታቸው።

"በእናት ማጥመድ ግፍ አይደለም?" አልኳቸው።

"ሥራው ነበር" አሉኝ፤ ሌላውን እግራቸውን ዘረጉልኝ።

ልጄ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አብራኝ ትኖራለች። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ምስር እያጠብኩ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"እማዬ፣ ፖሊስ ለመሆን አፕላይ አድርጌያለሁ።"

"የምን ፖሊስ?"

"የከተማው። ስንት ዓይነት ፖሊስ አለ?"

"ነርስነቱስ?"

"ነርስ የሆንኩት አንቺ ሐሳብ ውስጥ ነው።"

የምፈራውን ሁሉ ዘረዘርኩላት። መሣሪያ አለ፣ እብድ አለ፣ ሰው ይጠላሻል አልኳት። ሰማችኝና፣ "ሰው ይልካሉ፣ ስለ እኔ ይጠይቁሻል። እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው፣ ኦኬ?" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ወሬው እንዲያልቅ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከረባት ያሰረ፣ ፋይል የያዘ ሰው ነው። መታወቂያውን አሳየኝ። ከዚያ የልጄን ስም ከነአባቷ ጠራ።

"እናቷ ነዎት?"

"እኔ አላውቃትም" አልኩት።

"እዚህ አትኖርም?"

"እዚህ እንደዚህ የምትባል ሰው የለችም።"

ከኋላዬ ስድስት ጥንድ የልጄ ጫማ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ከኮሌጅ የተመረቀችበት ትልቅ ፎቶ አለ። ሰውዬው ጫማውን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየኝ። የሆነ ነገር ጽፎ፣ ካርዱን ሰጥቶኝ ሄደ።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ይህን መልስ ግን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ታላቅ ወንድሜን ፍለጋ ቤታችን መጡ። ወንድሜ ኮርኒሱ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "የት እንዳለ አላውቅም፣ ከወጣ ሁለት ወሩ ነው" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ያን ቀን ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ስለ ልጅ ሲጠይቁሽ አላውቅም ነው የሚባለው አለችኝ። እኔም ይኸው ቶሮንቶ ላይ እንደተነገረኝ አደረግኩ።

ልጄ ከሥራ ስትመጣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አገኘችው።

"መጥቶ ነበር? ምን አልሽው?"

"አላውቃትም አልኩት።"

"ማንን?"

"አንቺን።"

ጃኬቷን ሳታወልቅ ጫማዎቿ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ባንክ ዘርፌ ነው እንዴ የምትሸሽጊኝ?" አለችኝ። ሳቅ መጥቶባት ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። "እማዬ፣ አድራሻዬን ዋሽቼ የሞላሁ ነው የሚመስላቸው። ውሸት ካገኙ አለቀ፣ ፋይሉን ይዘጉታል።"

"ደውዪና አስረጂዋ።"

"እኔ ብደውል ምን ዋጋ አለው? አላውቃትም ያልሽው አንቺ ነሽ።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

እዚህ ላይ የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። ካርዱን ሳየው፣ ዝም ብል ነገሩ እዚሁ ይቀራል አልኩ። ማንም አይተኩስባትም። ማታ ማታ በሰላም ትገባለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

በማግስቱ ካልሲውን እያለበስኩ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ውሃ ሰጠኋቸው።

"ጫማው ከኋላሽ ተደርድሮ?"

"ስድስት ጥንድ።"

ደብተሩን አምጪ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ አነበቡልኝ። አንዲት እናት ልጄን ካየሁት ሁለት ዓመቴ ነው ብላቸዋለች፤ ማጠቢያው ላይ ግን ሁለት እርጥብ ስኒ ነበር። አባታቸው ስለ ስኒው አንድ ቃል አልተናገሩም። አመስግነው ወጡ። ከሥሩ፣ "አላየሁትም አለች። ሐሙስ እመለሳለሁ" ብለው ጽፈዋል።

"መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይዋሹኛል፣ አልፈርድባቸውም ይል ነበር" አሉኝ። "ሐሙስ ሲመለስ ሴትዮዋ ራሷ በሩን ከፈተችለት። ልጁ እየበላ ነበር። አባቴ እስኪጨርስ ጠብቆ ይዞት ሄደ።"

"ሁሌ እንደዚህ ነበር?"

"አይደለም።" ደብተሩን ዘጉት። "ሌላዋ አልነገረችውም። ፖሊሶቹ ልጇን ጎተራ ውስጥ አግኝተው ተኩሰው ገደሉት። ያን ቀን አባቴ ቤት ገብቶ እራት አልበላም፤ እጁን ብቻ ብዙ ጊዜ ታጠበ።"

እናታቸውስ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ጠየቅኳቸው። አባታቸው ሥራ ላይ ሲሆኑ እናታቸው የባላቸውን የእራት ሳህን ደፍተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ ነበር አሉ። አባታቸው ሲገቡ ራሳቸው ያቃኑታል። ያ ሳህን እስኪቃና በቤቱ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም።

"እናትዎ ሥራውን ይተው ብለው አያውቁም?"

"ምን ይሁን ብላ? እሱ ያው እሱ ነበር።" እግራቸውን ወደ ጫማቸው አስገቡ። "የአንቺው ሰውዬ ግን ሐሙስ ላይመለስ ይችላል። አባቴ አይደለም። ደውዪለት።"

የደወልኩት ከእሳቸው ቤት ነው፤ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛዬ ስልክ ላይ ይጠፋብኛል። "ዋሽቻለሁ፣ እናቷ ነኝ፣ ይምጡ" አልኩት።

መጣ። ክፍሏን ከፍቼ አሳየሁት፣ ልብሷን፣ ጫማዋን፣ በስሟ የመጡ ደብዳቤዎችን። ከዚያ ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ጠየቀኝ። የኮርኒሱን ነገር ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

"ልጅዎ ትዋሻለች?" አለኝ በመጨረሻ።

"እሷ አትዋሽም። በዚህ ቤት የምዋሸው እኔ ነኝ።"

ፈገግ አለ። "ፖሊስ እንድትሆን ይፈልጋሉ?"

ይህን ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "አልፈልግም" አልኩት። "ይህንንም ይጻፉት። ግን ፖሊስ እናት ቤት ሄዶ መጠየቁ ካልቀረ፣ የእኔ ልጅ ብትሄድ ይሻላል። እናት ለምን አላውቅም እንደምትል ከቤቷ ሰምታለች።"

ጻፈው።

ልጄ ያን ማታ ምን እንዳልኩት ጠየቀችኝ። "አውቃታለሁ አልኩት" አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ፤ ከዚያ የቀረውን ምስር ከድስቱ በላች።

የተቀበሏት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። አሁን ሥልጠናዋን ጨርሳ ሥራ ጀምራለች። አልለመድኩትም፤ የምለምደውም አይመስለኝም። ለሴትዮዋ ስነግራቸው፣ "አባቴ አንድ ሴት ባልደረባ ቢኖረው ሁለቱን ስኒ ከእሱ ቀድማ ታይለት ነበር" አሉኝ።

ሥራ በምትገባበት ቀን ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አሁን ስትገባ ቦት ጫማዋን ሳትፈታ በፊት ወጥ ቤት መጥታ ሳህኑን ታቃናዋለች። እኔም ያኔ ወጡን ላሞቅ እነሳለሁ።