አንሺኝ

ከዐረብ አገር ስመለስ ይዤ የመጣሁት ትልቅ ነገር አንዲት ካሜራ ነበረች። አባቴ አልወደዳትም። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ገደል አፋፍ ተቀምጬ አሞራ ፎቶ ሳነሳ እንደማረፍድ ሲሰማ፣ "የሌላ ሰው ልጅ ወርቅ አጥልቃ ትመጣለች፣ የኔዋ ጥንብ አንሳ ታነሳለች" አለ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ጥንብ አንሳ ሆነ። በጎረቤት ፊት ሳይቀር እንዲያ ነበር የሚጠራኝ።

እኔ ግን ሃይማኖቴን ያገኘሁት እዚያ አፋፍ ላይ ነው። በሰው ቤት ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ጸሎት አፌ ላይ ደርቆ ነበር፤ ተመልሼም ቤተ ክርስቲያን ስቆም እግሬ ከመዛሉ በቀር ምንም አይሰማኝም። አንድ ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ፣ አሞራው ክንፉን ሳያርገበግብ ከውስጡ ብቅ ሲል፣ ሳላስበው አማተብኩ። አለቀስኩም። ከዚያ በኋላ መጠበቅን ጸሎቴ አደረግሁት። ብርሃኑን የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው፣ የኔ ድርሻ መታገስ ነው እል ነበር። በዚህም እኮራ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ ሳልጠራው ምርኩዙን ይዞ ተከትሎኝ መጣ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ገደሉን ከኋላው አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሌንስ ስቀይር "አንሺኝ" አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ካሜራዬን ሲረግም የኖረ ሰው እንዲህ ካለ ታረቀኝ ማለት ነው። "እሽ አባየ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ደመናው ይገለጥ" አልኩት።

"አንሺኝ" አለ ደግሞ። ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። ችኮላው አሳቀኝ። "አሁን፣ አሁን፣ እንዳይነቃነቁ" አልኩ። ፀሐይ ብቅ ስትል አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁት። ፈገግ ያለልኝ መስሎኝ ነበር።

ከድንጋዩ ወደ ጎን ሲንሸራተት ነው የገባኝ። ግማሽ አካሉ ከድቶት ኖሯል። አንሺኝ ያለው ደግፈሽ አቁሚኝ ሲል ነው።

ሰዎች በቃሬዛ ወሰዱት። አንዲት ቃል ሳይናገር በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ለቅሶው ላይ ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ከአጠገቡ ነበርሽ" አሉኝ። ከአጠገቡማ ነበርኩ። አምስት እርምጃ ብራመድ እደርስበት ነበር።

ፎቶዎቹን አላጠፋኋቸውም። በመጀመሪያው እጁ ምርኩዙ ላይ ነው። በሦስተኛው ምርኩዙ ወድቋል። ፈገግታ ያልኩት የአፉ መጣመም ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁሉ አንድ እጁ ወደኔ ተዘርግቷል። ብርሃኑ ግን ያምራል፤ እንደዚያ ያለ ብርሃን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ዛሬም ወደ አፋፉ እሄዳለሁ፤ እምነቴን ሌላ ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ረጅሙ ጸሎት ቀርቷል። ጉሙ ሲወጣ "ጌታዬ፣ አንሳኝ" ብቻ እላለሁ። እሱም እንደኔ ደመናው እስኪገለጥ የሚጠብቅ እንዳይሆን እፈራለሁ።