ከትምባሆው ቅጠል ሥር

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ የቤዝመንቱን ባኞ ቤት አምፖል እንድቀይር ላከችኝ። የአክስቴ ልጅ ከኤድመንተን ከተማ ሊመጣ ነው፤ እዚያ ይታጠባል። አዲሱን አምፖል ኪሴ ከትቼ ወረድኩ። ማብሪያውን ስጫነው ክፍሉ በሙሉ ቀላ። ረስቼው ነበር። ገንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያ ቀይ አምፖል የታላቅ ወንድሜ የሳምሶን ነው፤ የፎቶ ወረቀት ስለማያበላሽ ፎቶ የሚያጥበው በእሱ ብርሃን ነበር። ሳምሶን አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር፤ ሺፍት በሌለው ቀን ደግሞ ፎቶ ያነሳል። የሠርግ አይደለም። የልደትም አይደለም። እንዴት ብዬ ልናገር... ሰው የዘወትር ኑሮውን ሲኖር ነው የሚያነሳው። የአየር መንገድ ሠራተኛ ስለሆነ ክፍት ወንበር ሲገኝ በስታንድባይ ይበራል። ጓደኞቹ በዚሁ ዕድል ባሕር ሊዋኙ ይሄዳሉ። እሱ ግን በየዓመቱ የመኸር ጊዜ ሲደርስ ወደ አሜሪካ ደቡብ፣ ትምባሆ ወደሚያበቅሉ ሰዎች መንደር ነበር የሚሄደው።

እማዬ ይሄን ልትቀበል አልቻለችም። እኛ ቤት ትምባሆ ማለት በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው። የሚያጨስ ሰው ደጃችን ላይ እንኳ አይቆምም። ስለዚህ ሳምሶን ፎቶዎቹን ቤዝመንት ያጥባል፣ ቤዝመንት ይሰቅላል፤ አንዱም ደረጃውን ወጥቶ አያውቅም። እሱ እየሳቀ ያልፈው ነበር። ግን አንድ ቀን እንድታይለት እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

የመጨረሻው እንደወትሮው ያለ ቀን እሑድ ነበር። ካቻምና፣ ጾመ ነቢያት እንደገባ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ የሰፈራችን የፔንብሩክ ሜዶውስ መንገዶች ጭጭ ብለዋል። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሳምሶን የባኞ ቤቱን መስኮት በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ ጠራኝ።

«ዮኒ፣ በሩን ዝጋ። ስልክህንም አጥፋ። ብርሃን ካስገባህ አንተን ነው እዚህ ውስጥ የምነክርህ።»

«ሽታው ምንድነው? ኮምጣጤ?»

«የሰንበት ሽቶዬ ነው። ዝም ብለህ እይ።»

አንድ ነጭ ወረቀት ትሪ ላይ ያለ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ አስገባ። ምንም የለበትም። ባዶ ወረቀት። ሳምሶን የትሪውን ጥግ ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ይመልሳል። ውሃው ይሄዳል፣ ይመጣል። ከዚያ... ከወረቀቱ ውስጥ ጥላ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ዓይን። ቀጥሎ ሙሉ ፊት። አንዲት ጥቁር አሮጊት ውሃ ሥር ሆና ቀና ብላ አየችኝ። አይቻት የማላውቃት ሴት ከዚያ ሁሉ አገር እኛ ባኞ ቤት ገባች።

«ሚስ ኦራ ናት» አለኝ ሳምሶን። «ሰላም በላት እንጂ፣ አሳዳጊ የበደለህ!»

ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። ጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ሐብሐብ የሚበሉ ወንዶች። የቅጠል ክምር ተደግፋ የቤት ሥራዋን የምትሠራ ልጅ። ቅጠሉን እፍኝ እፍኝ እያደረጉ በዘንግ ላይ የሚያስሩ እጆች። ዛሬ ይህ ሥራ አብዛኛው በማሽን ነው፤ የሚስ ኦራ ቤተሰብ ግን አንድ አሮጌ የእንጨት ማድረቂያ ቤት ይዘው ቀርተዋል። ውስጡ እንደ ማር ይሸታል አለኝ።

«እንዴት ይፈቅዱልሃል?» አልኩት።

«ስደርስ ካሜራዬን አላወጣም። ቅጠሉን አብሬያቸው አስራለሁ፣ አብሬያቸው እበላለሁ። የቅጠሉ ሙጫ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ይጠቁራል፣ በሳሙና አይለቅም። እጄ እንደ እጃቸው ሲጠቁር ሚስ ኦራ ራሷ ‹ካሜራህ የታለ?› ትለኛለች።»

የመጨረሻው ወረቀት ላይ የወጣው እሱ ራሱ ነበር። ማድረቂያው ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ረጃጅም ቅጠሎች ከጣሪያው እላዩ ላይ ወርደው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይስቃል።

«ሚስ ኦራ ካሜራውን ነጥቃኝ ነው። ‹አንተስ ሰው አይደለህም?› ብላ።»

«ይቺን ለእማዬ አሳያት።»

«ቅጠሉን አታይም እንዴ? ከነፎቶዬ ጠበል ትረጨኛለች!» አለና በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰቀላት።

እማዬ ከላይ ተጣራች። «ኑ ብሉ! ሳምሶን፣ እጅህን ሁለቴ ታጠብ፤ ያ መርዝህ ሳምቡሳዬን እንዳይነካው!»

«እሺ እማዬ፣ በእግሬ እበላለሁ!»

የምስር ሳምቡሳ በላን። ሌላ ምንም አልሆነም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ሲመለስ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራተተ። ከዚህ በላይ ስለዚያ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሎናችን በለቀስተኛ ሞላ። አንድ ሰው «ፎቶውን አውጡ እንጂ» አለ። እኛ ዘንድ የሟቹ ፎቶ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሰው የሚያለቅሰው እሱን እያየ ነው። ስልኬን ፈለግኩ፣ አልበሙን ፈለግኩ። ሁላችንም አለን። ሳምሶን የለም። ሁሌ የሚያነሳው እሱ ነበራ። የተገኘው የሥራ ባጁ ላይ ያለችው፣ ጥፍር የምታህል ፎቶ ብቻ ናት።

ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ቀዩን መብራት አበራሁ። እዚያው ገመዱ ላይ፣ ከሰዎቹ መሀል ሆኖ ይስቃል። ወረቀቱ ደርቆ ጠርዙ ተጠቅልሏል። እማዬን አልጠየቅኳትም። ደረጃው ላይ የተሰቀለውን የሃይስኩል ምርቃት ፎቶዬን ከፍሬሙ አውጥቼ እሱን አስገባሁ። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት።

እማዬ አየችው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እንዴት ያምራል፣ የኔ ጌታ! የሆሳዕና ዕለት ነው? ዘንባባው እንዴት አድርጎ ከቦታል!»

«አዎ፣ ዘንባባ ነው» አሉ ሌሎችም። «ለገነት ታጭቶ ኖሯል።»

በጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የደረቀና የተንጠለጠለ ቅጠል፣ በዕንባ ዓይን ሲታይ ዘንባባ ይመስላል። አንድ ‹አዎ› ብል ያልቅ ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። እማዬን አየኋት።

ፍሬሙን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የዳሰሰችው ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው። ሙጫ ያጠቆረውን እጁን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው።

«ዘንባባ አይደለም» አለች። «ትምባሆ ነው።»

ፍሬሙን ወደ ጎረቤታችን አዞረችው።

«እጁን ይዩት፣ እትዬ ዘውዴ። ልጄ ሠርቶ ነው። እነዚያ ሰዎች አብልተውት፣ አስቀውት ነው እንዲህ ያነሱት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዮኒ፣ ሌሎቹስ? የት ናቸው?»

ወረድኩ። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ሚስ ኦራን መጀመሪያ ይዣት ወጣሁ። ሐብሐብ የሚበሉትን፣ ልጅቷን፣ እጆቹን ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኳቸው። ለቀስተኛው ጠጋ ጠጋ እያለ ቦታ ለቀቀላቸው። ስጨርስ መሀል ቆሜ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከአሜሪካ ደቡብ ድረስ ሊያስተዛዝኑን መጥተው ከእኛ ጋር የተቀመጡ መሰለኝ። እንደዚያ ጠዋት ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሚስ ኦራ ዛሬም ደረጃው ላይ፣ የእኔ ፎቶ የነበረበት ቦታ ተሰቅላለች። ሳልፍ ሰላም እላታለሁ። ወንድሜ ያን እሑድ ያሳየኝን አሁንም በደንብ አልገባኝም። የማውቀው፣ ባዶ ወረቀት ሳይ ባዶ ነው ለማለት እንደማልደፍር ብቻ ነው።

አዲሱን አምፖል ገጥሜ ሳበቃ እማዬ ከላይ ተጣራች።

«ዮኒ! ቀዩን እንዳትጥለው!»

በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩት። ገና አልቀዘቀዘም ነበር።